ምጥ የጠናባት ድመትና የዳሌ ራጅ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በድመት አስቸጋሪ ወሊድ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ በተለይ የዳሌ ራጅ መቼ እንደሚጠቅምና ምን ምን እንደማያሳይ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልስ ሰጥተንባቸዋል።

ጥያቄ፦ ድመቴን ከአንድ ዓመት በፊት መኪና ገጭቷት ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ጥገና አልተደረገላትም፤ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት አርፋ ዳነች። አሁን ትሮጣለች፣ ትዘላለች። ግን አርግዛለች፤ ከወንድ ድመት ጋር ከተገናኘች አምስት ሳምንት ሆኗታል። በሰላም ትወልድ ይሆን? ራጅ ብትነሳስ ጽንሱን አይጎዳውም?

መልስ፦ መሮጧ እግሯ መዳኑን እንጂ የመውለጃ መንገዷ ክፍት መሆኑን አያሳይም። ዳሌ ዙሪያውን የተዘጋ የአጥንት ቀለበት ስለሆነ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና ከዚያ በላይ ቦታ ነው የሚሰበረው። ቁራጩን ጡንቻ እየጎተተ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ በስድስትና በስምንት ሳምንት ውስጥም እንደገባ ይገጥማል። ድመቷ እንደ ድሮዋ ትራመዳለች፣ ቀለበቱ ግን ጠቦ ይቀራል።

ቤት ሆነው ሊያዩት የሚችሉት አንድ ምልክት ሰገራዋ ነው፤ ትልቁ አንጀትም የሚያልፈው በዚሁ ቀለበት ውስጥ ነውና። ለመጸዳዳት ረጅም ጊዜ የምታምጥ፣ ሰገራዋ የቀጠነ ወይም የተጠፈጠፈ፣ ወይም ቀናት እየዘለለች የምትጸዳዳ ከሆነ መንገዱ መጥበቡን ይጠርጥሩ። ምልክቱ አለመታየቱ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ለስላሳ ሰገራ የሚያልፍበት ክፍተት ለግልገል ራስ ላይበቃ ይችላል።

ስለ ራጁ፦ ጨረር ጽንስን በጣም የሚጎዳው የአካል ክፍሎቹ በሚፈጠሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አምስተኛው ሳምንት ላይ ያ ጊዜ በአብዛኛው አልፏል። በዚያ ላይ ባለሙያው ጨረሩን ዳሌው ላይ ብቻ እንዲያርፍ አጥብቦ ስለሚያነሳ ወደ ፊት ሆድ ውስጥ ያሉት ጽንሶች የሚያገኛቸው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ አሁኑኑ እንዲያስነሱ እንመክራለን። ዳሌው በግልጽ ተዘግቶ ከታየ ዛሬ ሁለት ምርጫ አለዎት፦ አሁኑኑ ማሕፀኗን አስወጥቶ ማምከን፣ ወይም ቀኑን ጠብቆ በቀዶ ጥገና ማዋለድ። ምጥ እስኪይዛት ከጠበቁ ግን ሁለቱም አልፈው በሌሊት የሚደረግ የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ብቻ ይቀራል።

ዳሌው ጠበብ ያለ ግን ያልተዘጋ ከሆነ ከ55ኛው ቀን በኋላ ሁለተኛ ራጅ ያስፈልጋል። የግልገሎቹ የራስ ቅል በደንብ የሚታየው ያኔ ነው። ሐኪሙ ከጎን በተነሳው ራጅ ላይ ከሳክረም (ዳሌው ከአከርካሪው ጋር ከሚገናኝበት አጥንት) የፊት ጫፍ እስከ ዳሌው ወለል የፊት ጠርዝ ያለውን ከፍታ ይለካል፤ በጀርባዋ ተኝታ በተነሳው ላይ ደግሞ በግራና በቀኝ የዳሌ አጥንቶች መካከል ያለውን ስፋት። ከዚያ ከግልገሎቹ የራስ ቅል ስፋት ጋር ያነጻጽረዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ከካሴቱ (ምስሉ ከሚቀረጽበት ሰሌዳ) ራቅ ያለ ነገር በራጅ ላይ ከትክክለኛ መጠኑ ገዝፎ ይታያል። የግልገሉ ራስና የእናቲቱ ዳሌ ከካሴቱ ያላቸው ርቀት አንድ ላይሆን ስለሚችል በአንድና በሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ፍርድ መስጠት አይገባም። ራሱ ከመንገዱ በግልጽ ሲበልጥ ግን ምጥን መሞከር የለብዎትም።

ወደ ቀዶ ጥገና የምትሄድ ከሆነ ለማንም ምቾት ተብሎ ቀኑ እንዳይፋጠን። የድመት እርግዝና ከተገናኘችበት ቀን ጀምሮ በአማካይ ከ63 እስከ 65 ቀን ነው፤ የግልገሎቹ ሳንባ የሚበስለው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ከ60ኛው ቀን ጀምሮ ይከታተሏት፤ እረፍት ስታጣ፣ ጎጆ ስትሠራ፣ ምግብ እምቢ ስትል ይዘዋት ይሂዱ። በዚያው ቀዶ ጥገና ማምከን ይቻላል፤ ብትመክንም ወተቷ አይቋረጥም፣ ልጆቿን ታጠባለች።

ጥያቄ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የማነሳው የዳሌ ራጅ ብዙ ጊዜ ተጣሞ ይወጣል። እርጉዝ ድመት ላይ ደግሞ የግልገሎቹ አጥንት እየደበዘዘ ቁጥራቸውን መለየት ያቅተኛል። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ሁልጊዜ ሁለት ራጅ ያንሱ፤ አንዱ ከጎን፣ አንዱ በጀርባዋ ተኝታ። በአንዱ ብቻ ቁጥርም ሆነ ስፋት መናገር አይቻልም።

ለጎን ራጅ በቀኝ ጎኗ ያስተኟት። ደረቷ ወደ ጠረጴዛው ስለሚወድቅ ከሥሩ ቀጭን ስፖንጅ አስገብተው ከአከርካሪዋ ጋር እኩል ከፍታ ያድርጉት። በሁለቱ የኋላ እግሮች መካከልም ሌላ ስፖንጅ ያስገቡ፤ ያለዚያ የላይኛው እግር ወርዶ ዳሌውን ያዞረዋል። የጨረሩ መሃል ለዳሌ ሲሆን የዳሌና የጭን መጋጠሚያ ላይ ይረፍ፤ ግልገል ለመቁጠር ከሆነ ግን ምስሉ ከመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ፊት ተነስቶ ዳሌውን በሙሉ መያዝ አለበት። ዳሌው መንገድ ውስጥ የገባ አንድ ግልገል ምስሉ ስለተቆረጠ ብቻ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

በጀርባዋ ስትተኛ አካሏን በቪ ቅርጽ መያዣ ውስጥ ያስገቡ። የፊት እግሮቿን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ቀጥ አድርገው እርስ በርስ እንዲመሳሰሉ በፕላስተር ያስሩ፤ ጉልበቷን ትንሽ ወደ ውስጥ አዙረው የጉልበት ሎሚዋ የጭን አጥንቱ መሃል ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ራጁ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመለከቱት በዳሌው ወለል ላይ ያሉትን ሁለት ክብ ክፍተቶች ነው፦ መጠናቸውና ቅርጻቸው እኩል ከሆነ ዳሌው ቀጥ ብሏል፤ አንዱ ከጠበበ ተጣሟል ማለት ነውና ይድገሙት። ቀድሞ በተሰበረ ዳሌ ላይ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም፤ አጥንቱ ራሱ የተዛባ ስለሆነ። ያን ጊዜ የወገብ አከርካሪ ጉጦች መሃል ላይ መደርደራቸውን ይዩ። የድሮ ስብራት ያለባትን ወይም ምጥ ላይ ያለችን ድመት እግሯን በኃይል አይጎትቱ፤ እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ ቢነሳም ስፋቱን ለማየት ይበቃል።

በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ በጀርባዋ ስትተኛ ማሕፀኗ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ሥር ይጫናል። ስለዚህ ማሽኑን፣ ካሴቱን፣ የቀኝና ግራ ምልክቱን ሁሉ አዘጋጅተው ሲጨርሱ ብቻ ይገልብጧት፣ ወዲያውም ይመልሷት። አተነፋፈሷ ከከበዳት በሆዷ ተኝታ ያንሷት።

ድብዛዜው ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው እንቅስቃሴ ነው፤ የጨረሩን ጊዜ ማሽኑ የሚፈቅደውን ያህል ያሳጥሩ፣ አየር አስወጥታ እስክትጨርስ ጠብቀው ይጫኑ። ሁለተኛው የጨረር ማነስ ነው። የእርጉዝ ሆድ በፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ ለተራ ድመት የለመዱት መጠን አይበቃውም። የሆዷን ውፍረት በጣም ሰፊው ቦታ ላይ በካሊፐር ይለኩ። ማሽኑ ከካሴቱ በ100 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ሴንቲ ሜትሩን በ2 አባዝተው 40 ይደምሩበት፤ ውጤቱ መነሻ ኪሎ ቮልት (የጨረሩ ኃይል) ይሆንዎታል። ለምሳሌ 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 58 ነው። ምስሉ ነጭ ሆኖ ከወጣ ኪሎ ቮልቱን በ15 በመቶ ከፍ ያድርጉ፤ ይህ ሚሊ አምፒር ሰከንዱን (የጨረሩን መጠን) እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። ግሪድ (የተበተነ ጨረርን የሚያጣራ ፍርግርግ) የሚያስፈልገው ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ነው።

ሲቆጥሩ መጀመሪያ የራስ ቅሎችን ብቻ፣ ቀጥሎ አከርካሪዎችን ብቻ ይቁጠሩ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ እንደገና ይጀምሩ። ከ45ኛው ቀን በፊት የተነሳ ራጅ ለቁጥር አይታመንም። የጣትና የጥርስ አጥንቶች ከሌሎቹ ዘግይተው ስለሚታዩ እነርሱን ካዩ ወሊዱ ቀርቧል። ሰገራ የሞላው አንጀት ግልገል ይሸፍናልና ጉዳዩ አስቸኳይ ካልሆነ ከተጸዳዳች በኋላ ያንሷት።

እጅዎ በጓንትም ቢሆን ጨረሩ ውስጥ እንዳይገባ። የሊድ ሽርጥ ይልበሱ፤ ነፍሰ ጡር ሴትና ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ከክፍሉ ይውጡ። ድመቷን የሚይዛት ሰው ሳይሆን ፕላስተርና የአሸዋ ከረጢት ይሁን፤ ከረጢቱን ግን ሆዷና አንገቷ ላይ አይጫኑት።

ጥያቄ፦ ድመቴ ሁለት ወልዳ ቆመች። ስድስት ሰዓት ሆኗታል። ተረጋግታ እያጠባች ነው፣ ግን ሆዷ ውስጥ የቀረ ያለ ይመስለኛል። ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?

መልስ፦ ድመት ምጧን አቋርጣ ማረፍ ትችላለች። ጤነኛ ድመት አንዳንዶቹን ወልዳ፣ አጥብታና በልታ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ ቆይታ የቀሩትን በሕይወት ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ ስድስት ሰዓቱ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚወስነው ሁኔታዋ ነው፦ ተረጋግታ ከሆነ፣ ካጠባች፣ ውሃና ምግብ ከወሰደች፣ ካላማጠች ለሐኪም ይደውሉና ዛሬውኑ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ያስነሷት። የቀረ ከሌለ ሐሳብዎን ይጥላሉ፤ ካለም የት እንዳለና እንዴት እንደተኛ ይታወቃል።

የሚከተሉት ከታዩ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ። በብርቱ እያማጠች 20 ወይም 30 ደቂቃ ሲያልፍና ምንም ሳይወጣ፤ የግልገሉ አካል ወይም የእንሽርት ውሃ ከረጢቱ ብቅ ብሎ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ፤ ምጧ ደካማና የሚቆራረጥ ሆኖ ሁለት ሰዓት ከሆነው፤ ትኩስ ቀይ ደም ከ10 ደቂቃ በላይ ከፈሰሳት፤ የሚሸት ፈሳሽ ካላት፤ ከመጨረሻው ግንኙነት 70 ቀን ካለፈ፤ ሙቀቷ ከ37 ዲግሪ ከወረደ ወይም ከ39.5 ካለፈ። ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ፈሳሽ ከግልገል ጋር ሲወጣ ያለ ነገር ነው፤ ገና አንድም ሳትወልድ ከመጣና ግልገል ካልተከተለው ግን የእንግዴ ልጁ ተላቆ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ቀደም ብሎ ያለው የምጥ መጀመሪያ ረጅም ነው፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ በመጀመሪያ ወላጅ ላይ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። እየተንጎራደደች፣ እያለከለከችና እያንኮራፋች ሳታምጥ ብታሳልፈው አይጨነቁ፤ ክፍሉን ጨለም አድርገው ሰው አያብዙባት። የሚረበሽ ቦታ ራሱ ምጥ ያቆማል።

ጥያቄ፦ ጅራትና ሁለት እግር ወጥቶ ተይዞ ቀረ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በኋላ እግር መምጣት በድመት ላይ የተለመደ ነው፤ ከሦስት ግልገል አንዱ ገደማ እንዲሁ ይወለዳል። አስቸጋሪው እግሮቹ ወደ ፊት ታጥፈው በቂጡ ብቻ ሲመጣ ነው፤ በተለይ መንገዱ ገና ያልተከፈተበት የመጀመሪያው ግልገል ከሆነ።

ወደ ሐኪም ለመሄድ እየተዘጋጁ ይህን ያድርጉ። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በውሃ የሚሟሟ ማለስለሻ በግልገሉ ዙሪያ ይቀቡ። በደረቅ ንጹሕ ጎዝ ዳሌውን፣ በጭንቅላቱ የመጣ ከሆነ ደግሞ ትከሻውን ይያዙ፤ አንድ እግር፣ ጅራት ወይም ራሱን ብቻ ይዘው ፈጽሞ አይጎትቱ፣ መጋጠሚያው ይለቃል። እሷ ስታምጥ ብቻ በዝግታ ወደ ኋላና ወደ ታች ይሳቡ፤ መንገዱ የሚታጠፈው ወደዚያ ነው። ሳታምጥ እጅዎን ሳይለቁ ብቻ ይጠብቁ። በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዞር የተጣበቀ ትከሻ ወይም ዳሌ ያስለቅቃል። ጣትዎን ወደ ውስጥ አያስገቡ፤ የድመት መውለጃ መንገድ ለጣት አይበቃም፣ ግድግዳውም ይቀደዳል። በሁለት ወይም በሦስት ምጥ ካልተንቀሳቀሰ ያቁሙና ይዘዋት ይሂዱ።

ከወጣ በኋላ ከፊቱ ላይ ሽፋኑን ቀድደው አፍና አፍንጫውን ይጥረጉ፣ በፎጣ ጀርባውንና ደረቱን ይሹት። በእጅ ይዞ ማወዛወዝ የሚለውን የድሮ ዘዴ እርሱት፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። እትብቱን ከሆዱ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቀት በክር አስረው ከዚያ ወዲያ ይቁረጡት።

ጥያቄ፦ ራጁ አራት ግልገል አሳየ። በሕይወት አሉ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ራጅ አጥንት ያሳያል፣ የልብ ምት አያሳይም። ሞትን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው፦ በጽንሱ ውስጥ ወይም ዙሪያ ጋዝ ሲታይ፣ የራስ ቅሉ አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ፣ አከርካሪው ባልተለመደ ሁኔታ ተኮማትሮ ወይም ተሰብሮ ሲታይ። እነዚህ ከሞተ በኋላ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀን ሲያልፍ ነው የሚመጡት። ከአንድ ሰዓት በፊት የሞተ ግልገል በራጅ ላይ ከሚኖረው አይለይም። ለዚህ አልትራሳውንድ ነው የሚያስፈልገው፦ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ200 በላይ ሲሆን ጤነኛ ነው፤ ደጋግሞ ከ180 በታች ከወረደ ተጨንቋል፤ ወደ 150 ከቀረበ ወዲያውኑ መውጣት አለበት።

ጥያቄ፦ የምጥ መርፌ፣ ኦክሲቶሲን፣ ቤት ውስጥ ልወጋት እችላለሁ? ለከብት ሲወጋ አይቻለሁ።

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ፣ 155 አስቸጋሪ የድመት ወሊዶችን የመረመረ ጥናት ከሁለት ሦስተኛው ያህሉ ችግር ከእናቲቱ፣ 30 በመቶ ያህሉ ከግልገሎቹ መሆኑን አሳይቷል፤ ከሁሉ የበዛውም የማሕፀን መድከም ነበር። ይህን የሚሰማ ሰው መርፌው መልስ ይመስለዋል። ነገር ግን ማሕፀን በራሱ ሊደክም እንደሚችል ሁሉ፣ ተዘግቶ በተያዘ ግልገል ላይ ሲገፋ ውሎም ይደክማል። ከውጭ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። በሁለተኛው ላይ ኦክሲቶሲን ከተሰጠ ማሕፀኑ መውጫ በሌለው ግልገል ላይ ይጨመቃል፤ ሊቀደድ ይችላል፣ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ተቋርጦም ግልገሎቹ ይታፈናሉ።

ሐኪም እንኳ መርፌውን የሚሰጠው ራጁ መንገዱ ክፍት መሆኑንና የተዛባ ግልገል አለመኖሩን ሲያሳይ፣ የማሕፀን በሩ ተከፍቶ፣ የግልገሎቹም የልብ ምት ጥሩ ሲሆን ነው። መጠኑም ለአንዲት ድመት በጡንቻ ከ0.5 እስከ 2 ዩኒት ብቻ ነው። ለላም የሚሰጠው ከዚህ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ከዚያ ጠርሙስ በዓይን ተገምቶ የሚቀዳ ጥቂት ጠብታ እንኳ ማሕፀኗን አጨማድዶ ሊያስቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰጠው ካልሲየም ነው፤ ያም በደም ሥር በጣም በዝግታ፣ ልቧ እየተደመጠ። ኦክሲቶሲን ሁለት ጊዜ ተሰጥቷት ለውጥ ካልታየ ሦስተኛውን ከመጠበቅ ቀዶ ጥገናው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፐርሺያን ድመት አለችኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትበላው ሥጋ ብቻ ነው። ላራባት አስቤ ነበር፤ የካልሲየም ዱቄት ልጀምርላት?

መልስ፦ ሁለት ስጋት አለብዎት። አንደኛው ዝርያው ነው። ፊታቸው የተጠፈጠፈ ድመቶች ሰፊ ራስ ያለው ግልገል ስለሚወልዱ ከተራ ድመት ይልቅ ይቸገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ላይ ተራ ድቅል ድመቶች ከሚወልዷቸው 0.4 በመቶው ብቻ አስቸጋሪ ሲሆን በዴቨን ሬክስ ዝርያ ግን 18.2 በመቶ ደርሷል፤ ዝርያ ምን ያህል እንደሚለይ ከዚህ ይረዳሉ።

ሁለተኛውና ለእርስዎ የሚበረታው ምግቧ ነው። ጡንቻ ሥጋ ውስጥ ፎስፈረስ ከካልሲየም 20 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ለድመት የሚስማማት ግን ሁለቱ የተቀራረበ መጠን ሲኖራቸው ነው። በማደግ ላይ ያለች ድመት ይህን ጉድለት ከገዛ አጥንቷ እየሸረሸረች ትሞላዋለች። አጥንቱ ይሳሳል፣ የሰውነቷን ክብደት መሸከም አቅቶት ይታጠፋል፤ ዳሌውም ከሁለት ጎን ይጨማደዳል። በራጅ ላይ አጥንቱ ደብዝዞ ከጡንቻው እምብዛም ሳይለይ፣ ግድግዳውም እንደ እርሳስ መስመር ቀጥኖ ይታያል። ምግቧ ሲስተካከል አጥንቱ እንደገና ይጠነክራል፤ የታጠፈው ዳሌ ግን አይቃናም።

ስለዚህ ወንድ ሳያገኛት በፊት በሁለቱም አቅጣጫ የዳሌ ራጅ ያስነሱ። ጠባብ ከሆነ አያራቧት፣ ያስመክኗት። ዳሌዋ ደህና ከሆነ ምግቧን ቀስ በቀስ ወደ ተሟላ የድመት ምግብ ይለውጡ፤ ካረገዘች ለግልገል ተብሎ የተዘጋጀውን ይስጧት፤ ካልሲየሙ ተመጥኖ ገብቶበታል። ዱቄቱን ግን በእርግዝናዋ ወቅት አይጨምሩላት። ካልሲየም ከውጭ ሲትረፈረፍ ሰውነቷ ከአጥንት የማውጣት ሥራውን ያቆማል፤ ከወለደች በኋላ ወተቱ በድንገት ብዙ ሲፈልግ ቶሎ መልሶ መጀመር አይችልም። ያን ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና መንፈራገጥ ይመጣል፤ ይህም በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው።